የቩኦክሲ ተፋሰስ፦ ሐይቆቹ፣ የአየር ጠባዩና ሁለት አገሮች የተስማሙበት የውሃ አለቃቀቅ ደንብ

ከምሥራቅ ፊንላንድ ተነስቶ በሩሲያ ወደሚገኘው የላዶጋ ሐይቅ የሚዘልቀው የቩኦክሲ ተፋሰስ በሰሜን አውሮፓ በሐይቆች ብዛት ከሚታወቁት የወንዝ ተፋሰሶች አንዱ ነው። ከተፋሰሱ የቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህሉ በውሃ የተሸፈነ ሲሆን፣ የፊንላንድ ትልቁ ሐይቅ የሆነው ሳይማ የሚገኘውም በዚሁ ክልል ነው።

ከሳይማ ሐይቅ የሚወጣው የቩኦክሲ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ በሁለት አገሮች የሚገኙ የኃይል ማመንጫዎችን ያንቀሳቅሳል። በመሆኑም በሐይቁ የውሃ ከፍታ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ውሳኔ የላይኛውንም ሆነ የታችኛውን ተፋሰስ ነዋሪዎች ጥቅም ይነካል። ሁለቱ አገሮች ይህን ጉዳይ የፈቱበት መንገድ፣ የድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ጥያቄ ዘወትር ለሚነሳባቸው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ትኩረት የሚሰጠው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቀማመጥና አፈጣጠር

የቩኦክሲ ተፋሰስ ጠቅላላ ስፋት ወደ 68 ሺህ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 77 በመቶው በፊንላንድ፣ ቀሪው 23 በመቶ ደግሞ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ውሃው በመጨረሻ ከላዶጋ በኔቫ ወንዝ አማካይነት በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አልፎ ወደ ፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

የአካባቢው መልክዓ ምድር የተቀረጸው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ሰሜን አውሮፓን ሸፍኖ የነበረው ግዙፍ ግግር በረዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚሸሽበት ወቅት ዓለቱን ፍቆና ቦርቡሮ በርካታ ጎድጓዳ ሥፍራዎችን ትቶ አልፏል። ጎድጓዶቹ በውሃ ተሞልተው ዛሬ የሚታዩትን ሐይቆች ፈጥረዋል። ከ500 ስኩዌር ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው የፊንላንድ ሐይቆችና ኩሬዎች ሲቆጠሩ ወደ 188 ሺህ ይጠጋሉ።

የበረዶው ጠርዝ ከ12 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ለረጅም ጊዜ በአንድ ሥፍራ በመቆየቱ፣ ከውስጡ የወጣው አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ሳልፓውሴልካ በመባል የሚታወቁትን ረጃጅም ጉብታዎች ሠርቷል። እነዚህ ጉብታዎች ሳይማን በደቡብ በኩል እንደ ግድብ አግደው ይዘውታል።

ከግግር በረዶው ክብደት የተላቀቀው ምድር ቀስ በቀስ ወደ ላይ መነሳቱን ቀጠለ። መሬቱ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይበልጥ ከፍ በማለቱም ቀድሞ ወደዚያ አቅጣጫ ይፈስ የነበረው ውሃ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተገፋ። ከ6 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊትም ዛሬ የኢማትራ ከተማ በምትገኝበት አካባቢ ጉብታውን ሰብሮ መውጫ በማበጀቱ የቩኦክሲ ወንዝ ተወለደ።

ሳይማ ሐይቅ ወደ 4 ሺህ 400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከባሕር ወለል በላይ 76 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። አማካይ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 12 ሜትር ብቻ ነው። በውስጡ 14 ሺህ ያህል ደሴቶችን የያዘ ሲሆን፣ የደሴቶቹ ዳርቻ ተጨምሮ ሲለካ የሐይቁ ዳርቻ ርዝመት ወደ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመሆኑም ሳይማ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ የበርካታ ሐይቆች ስብስብ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ ከሰሜን በኩል 900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የፒዬሊነን ሐይቅ ውሃውን በዮኤንሱ ከተማ በኩል ይልክለታል።

የአየር ጠባይ

ተፋሰሱ በአብዛኛው ከ61 እስከ 64 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። በክረምቱ አጋማሽ በደቡባዊው ጫፍ እንኳ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ በበጋው አጋማሽ ደግሞ ከ19 ሰዓት ይበልጣል። እዚህ ላይ ክረምት የሚባለው ብርዳማውና በረዷማው ወቅት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በጃንዋሪ ወር የአካባቢው አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ በጁላይ ከዜሮ በላይ ወደ 17 ዲግሪ ያድጋል። በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ዝናብና በረዶ ይወርዳል። ይህ መጠን ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የዝናብ መጠን ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቢሆንም፣ ቅዝቃዜው ትነትን ስለሚገታ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዞችና ሐይቆች ለመፍሰስ ይበቃል።

ዝናቡ ወራትን ሳይለይ ዓመቱን ሙሉ የሚጥል ነው። ይሁን እንጂ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ድረስ የሚወርደው በአብዛኛው በረዶ በመሆኑ ሳይፈስ በመሬት ላይ ተከምሮ ይቆያል። ሐይቆቹም ከዲሴምበር ጀምሮ ገጻቸው ወደ ግግር በረዶነት ተለውጦ እስከ ሜይ መጀመሪያ ሳምንታት ይዘልቃሉ። የጸደይ ሙቀት ሲመጣ ለወራት የተከማቸው በረዶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀልጦ ወደ ጅረቶችና ወንዞች ይገባል። ከፍተኛው የገባር ወንዞች ሙላት የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው።

ሐይቁ እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ

ሐይቅ የሌለበት ተፋሰስ በረዶ ሲቀልጥ ወይም ከባድ ዝናብ ሲጥል ወዲያውኑ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያባራም ፈጥኖ ይጎድላል። በቩኦክሲ ተፋሰስ ግን ውሃው ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እየተላለፈ በየደረጃው ስለሚያርፍ የሙላቱ ኃይል ይበርዳል። በረዶው በኤፕሪልና በሜይ ቢቀልጥም የሳይማ ውሃ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በጁንና በጁላይ ወራት ነው።

የሐይቁ አቅም በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። የሳይማ ገጽ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል ሐይቁ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ይይዛል። የቩኦክሲ ወንዝ አማካይ ፍሰት በሰከንድ ወደ 600 ሜትር ኩብ በመሆኑ፣ ይህችን አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጨረስ ወንዙ 20 ሰዓታት ያህል መፍሰስ ይኖርበታል። በዚሁ ስሌት የ50 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ ከ40 ቀናት በላይ የሚሆን የወንዙን ፍሰት ይተካል።

ይህ ባሕርይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቅ ፍሰት እንዲኖረው በማድረጉ ለኃይል ማመንጫ ምቹ ነው። በአንጻሩ ሐይቁ አንድ ጊዜ ከሞላ ወይም ከጎደለ ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በ1899 በአካባቢው የተከሰተው ታላቅ ጎርፍ፣ እንዲሁም በ2002 እና በ2003 የታየው ድርቅ በየፊናቸው ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩ ናቸው።

የሳይማ የውሃ ከፍታ ከ1847 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲለካ ቆይቷል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ረጅም የልኬት መዝገብ ያላቸው ሐይቆች ጥቂቶች ናቸው። የኋላ ኋላ ሁለቱ አገሮች ለተስማሙበት ደንብ መሠረት የሆነውም ይኸው መዝገብ ነው።

የ1859 አደጋ

በተፋሰሱ ውስጥ የሰው ልጅ በውሃ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በሆይቲያይነን ሐይቅ የደረሰው ነው። በዮኤንሱ አቅራቢያ የሚገኘውን ይህን ሐይቅ በመጠኑ ዝቅ በማድረግ ተጨማሪ የእርሻ መሬት ለማግኘት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ቦይ መቆፈር ተጀመረ።

ቦዩ የተቆፈረበት መሬት አሸዋማ ነበር። በኦገስት 1859 ውሃው የመቆጣጠሪያ ግድቡን ጥሶ አፈሩን እየናደ በመውጣቱ፣ የሐይቁ ገጽ 9 ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሏል። 17 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን የሐይቅ ወለልም ወደ የብስነት ተለወጠ። ጎርፉ ተሸክሞት የሄደው አፈር በቦዩ መጨረሻ ተከምሮ ደለላማ መሬት የፈጠረ ሲሆን፣ ሥፍራው ዛሬ የውሃ ወፎች መሰብሰቢያ በመሆን ይታወቃል።

የኢማትራ ፏፏቴና የኃይል ማመንጫዎቹ

የቩኦክሲ ወንዝ ከሳይማ እስከ ላዶጋ በሚያደርገው የ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ወደ 70 ሜትር ይወርዳል። አብዛኛው ቁልቁለት የሚገኘው በላይኛው ክፍል ነው። የኢማትራ ፏፏቴ በዚህ ምክንያት ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎብኚዎችን ቀልብ የሳበ ሲሆን፣ የሩሲያ ንግሥት የነበረችው ዳግማዊት ካትሪን በ1772 ሥፍራውን መጎብኘቷ ተመዝግቧል።

ፊንላንድ ነጻነቷን ካወጀች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማትራ ኃይል ማመንጫ ግንባታ ተጀምሮ በ1929 ሥራ ጀመረ። ማመንጫው እስከ አሁን ከአገሪቱ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች በትልቅነቱ ቀዳሚ ነው። ከዚያ ወዲህ የፏፏቴው ቦይ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ለጎብኚዎች ሲባል ውሃ ይለቀቅበታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጤት ድንበሩ በመለወጡ የወንዙ የታችኛው ክፍል ለሶቪየት ኅብረት ሆነ። በአሁኑ ጊዜ በወንዙ ላይ ከሚገኙት አራት ዋና ዋና ማመንጫዎች ታይኒዮንኮስኪና ኢማትራ በፊንላንድ፣ የስቬቶጎርስክና የሌሶጎርስክ ማመንጫዎች ደግሞ በሩሲያ ይገኛሉ። ከላይ የሚለቀቀው ውሃ መጠንና ጊዜ የታችኞቹን ማመንጫዎች ምርት በቀጥታ የሚወስን ሲሆን፣ በታችኛው ክፍል የሚገነባ ግድብም ውሃውን ወደ ኋላ በማቆር የላይኛውን ማመንጫ ምርት ሊቀንስ ይችላል።

ድርድርና ስምምነት

ሁለቱ አገሮች የድንበር ውሃዎችን አጠቃቀም የሚመለከት ስምምነት በ1964 ሄልሲንኪ ላይ ተፈራረሙ። በስምምነቱ መሠረት ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ አባላት ያሉት የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1972 በተደረገው ሌላ ስምምነት ደግሞ፣ የስቬቶጎርስክ ግድብ በኢማትራ ማመንጫ ላይ ለሚያስከትለው የምርት መቀነስ ሶቪየት ኅብረት ለፊንላንድ በየዓመቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ካሳ እንድትሰጥ ተወሰነ። ካሳው በገንዘብ ሳይሆን በራሱ በኤሌክትሪክ መሆኑ ስምምነቱን ልዩ ያደርገዋል።

ሆኖም በጎርፍና በድርቅ ጊዜ ከሳይማ ምን ያህል ውሃ መለቀቅ እንዳለበት የሚደነግግ ቋሚ ሕግ አልነበረም። ከረጅም ጥናትና ድርድር በኋላ የሳይማ ሐይቅና የቩኦክሲ ወንዝ የውሃ አለቃቀቅ ደንብ በ1989 ተፈርሞ በ1991 በሥራ ላይ ዋለ።

የደንቡ ሐሳብ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ለእያንዳንዱ ወቅት የሐይቁ የተለመደ ከፍታ ከረጅም ዘመን ልኬት ይታወቃል። ሐይቁ ከዚህ ከፍታ በላይም ሆነ በታች በ50 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃው እንደ ተፈጥሮው ይለቀቃል። ትንበያዎች ሐይቁ ከዚህ ክልል እንደሚወጣ ሲያመለክቱ ግን የሚለቀቀው ውሃ አስቀድሞ እንዲጨመር ወይም እንዲቀነስ ይደረጋል። የሚወሰደው እርምጃ ለሌላው ወገን በወቅቱ እንዲገለጽ፣ ጉዳት ቢደርስም የካሳ ጥያቄ እንዲታይ ደንቡ ይፈቅዳል።

ደንቡ በሥራ ላይ በዋለበት ዓመት መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ብትፈርስም ግዴታውን ሩሲያ ወርሳዋለች። ከ2022 ወዲህ ግን በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ግንኙነት በእጅጉ ሻክሯል። ፊንላንድ በኤፕሪል 2023 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት አባል ሆናለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከሩሲያ ጋር የሚያገናኟትን የየብስ መተላለፊያዎች ዘግታለች። በ1856 የተከፈተውና ሐይቁን ከባሕር ጋር የሚያገናኘው 43 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሳይማ ቦይም በድንበር ተሻጋሪ የዕቃ ማጓጓዣነት ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት አጥቷል። ወንዙ ግን መፍሰሱን አያቆምምና ላይና ታች ያሉት ጎረቤቶች ስለ ውሃው መጠን መረጃ የመለዋወጥ ፍላጎታቸው ከፖለቲካው ጋር አብሮ የሚጠፋ አይደለም።

በረዶ ላይ የተመሠረተ ሕይወት

የሳይማ ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኝ የሲል ዝርያ መኖሪያ ነው። ይህ በውሃ ውስጥ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ከበረዶ ዘመን በኋላ መሬቱ ከፍ ሲል ከባሕር ተነጥሎ በሐይቁ ውስጥ የቀረ ነው። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ከ200 በታች ወርዶ የነበረ ሲሆን፣ በዓሣ መረቦች ላይ በተጣለ ገደብና በሌሎች የጥበቃ ሥራዎች አሁን ወደ 500 ገደማ ደርሷል።

ሲሎቹ በፌብሩዋሪና በማርች የሚወልዱት በደሴቶች ዳርቻ በተከመረ በረዶ ውስጥ በሚሠሩት ዋሻ መሰል ጎሬ ነው። በክረምት የሐይቁ ውሃ በፍጥነት ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ጎሬው ስለሚፈርስ ግልገሎቹ ለብርድና ለአውሬ ይጋለጣሉ። በመሆኑም ውሃ የሚለቁት ባለሙያዎች ውሳኔ ከኃይል ምርትና ከጎርፍ መከላከል ባሻገር ይህንንም ግምት ውስጥ ማስገባት ይጠበቅበታል። በረዶ በሚያንስባቸው ዓመታት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በአካፋ በረዶ እየከመሩ ለእንስሳቱ ሰው ሠራሽ ክምር ያዘጋጃሉ።

የአየር ንብረት ለውጥ

ፊንላንድ ከዓለም አማካይ በላቀ ፍጥነት እየሞቀች ካሉት አገሮች አንዷ ናት። ለውጡ ይበልጥ የሚሰማው በክረምት ነው። ቀድሞ በበረዶ መልክ ይወርድ የነበረው ውሃ በዝናብ መልክ ሲወርድ፣ እስከ ጸደይ ሳይጠብቅ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ወደ ሐይቆች ይገባል። በዚህም የተነሳ የጸደይ ሙላት እየቀነሰ የክረምት ፍሰት እየጨመረ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል።

ለትናንሽ ወንዞች የጸደይ ጎርፍ መቀነስ እፎይታ ሊሆን ይችላል። እንደ ሳይማ ላሉ ታላላቅ ሐይቆች ግን ሁኔታው የተለየ ነው። መውጫቸው ጠባብ በመሆኑ በክረምት የሚገባውን ተጨማሪ ውሃ በቶሎ ማስወጣት አይችሉም። በአንጻሩ ሞቃታማና ረጅም በጋ ትነትን ስለሚጨምር በበጋ መጨረሻ የውሃ መጠን ሊያንስ ይችላል። የተለመደው ከፍታ የተሰላው ካለፉት ዘመናት ልኬት በመሆኑ፣ ወቅቶቹ ራሳቸው ሲለወጡ ደንቡን እንዴት ማጣጣም እንደሚቻል ከፊት ያለ ጥያቄ ነው።

ከጣና ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የጣና ሐይቅ ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ተፋሰሱ ሐይቁን ጨምሮ ወደ 15 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ስሌት በጣና ተፋሰስም ከአምስት እጅ አንዱ ውሃ ነው። ልዩነቱ ሐይቁ አንድ መሆኑና ውሃው የሚመጣበት ወቅት ነው። ጣና የሚሞላው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥለው የክረምት ዝናብ ሲሆን፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅ የሚለውም በግንቦትና በሰኔ ነው። በሳይማ በረዶ የሚሠራውን የማቆየት ሥራ በጣና የሚሠራለት የለም፤ ከሐይቁ ገጽ የሚተነው ውሃም እጅግ ከፍተኛ ነው።

በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በከፊል በሰው ውሳኔ ሥር ገብቷል። በ2003 ዝናብ ማነሱና ለኃይል ማመንጫ ውሃ መለቀቁ ተደማምረው የሐይቁ ገጽ ዝቅ በማለቱ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። ይህም ኃይል፣ መጓጓዣ፣ ዓሣ ማስገርና እርሻ ከአንድ ሐይቅ ሲጠበቁ አስቀድሞ የተወሰነ የአለቃቀቅ ሥርዓት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ፊንላንድ በውሃ ዘርፍ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም። በአማራ ክልል ከ1994 ጀምሮ የገጠር የመጠጥ ውሃ ሥራዎችን ስትደግፍ የቆየች ሲሆን፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ግንባታውን የሚመራበት አሠራርም በዚሁ ትብብር ሥር ዳብሯል።

በድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ረገድ ደግሞ የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ2010 ለፊርማ ቀርቦ ከ14 ዓመታት በኋላ በኦክቶበር 2024 በሥራ ላይ ውሏል። ዓባይና ቩኦክሲ በመጠንም፣ በአየር ጠባይም፣ በታሪክም የሚለያዩ በመሆናቸው የአንዱን ደንብ ለሌላው እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ከቩኦክሲ ሊወሰድ የሚችለው ልምድ ለረጅም ዘመን ሳይቋረጥ ውሃን መለካት፣ ልኬቱን ሁለቱም ወገኖች እንዲያምኑት ማድረግ፣ ጉዳትን በቁጥር አስልቶ በስምምነት መካስ ነው። በሳይማ ዳርቻ በ1847 ልኬት የጀመሩት ሰዎች ሥራ ከ140 ዓመታት በላይ ቆይቶ ለሁለት መንግሥታት ስምምነት መሠረት ሆኗል።